ከፈተናው በኋላ

ሆናሚ ግራና ቀኝ ይምታታባት ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ራጅ ማንሳት ለምትማር ልጅ ግን ቀልድ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ላይ የአንዲት አሮጊትን ቀኝ እጅ ራጅ አነሳችና ፊልሙ ላይ የግራ ምልክት አደረገችበት። አለቃዋ ቶሎ ስላየችው ጉዳት አልደረሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልጅቷ እንቅልፍ አጣች፣ እህልም አልወርድላት አለ። መጽሐፍ በገለጠች ቁጥር ልቧ ይመታል። ማንበቡንስ ታነባለች፤ በወንፊት ውሃ መቅዳት ሆነባት እንጂ። የመንግሥት ፈተናው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፣ በየካቲት። የወደቀ ሰው ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

አባቷ ሴይጎ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር የነዳ፣ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ልጁን ብቻውን ያሳደገ የኖሺሮ ከተማ ሰው ነው። ባቡር ነጂዎች ያረጋገጡትን ነገር ሁሉ በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሴይጎ ጡረታ ወጥቶም ይህን አልተወም። ምድጃውን ጠቁሞ «እሳት ጠፍቷል»፣ በሩን ጠቁሞ «ተቆልፏል» ይላል። ሆናሚ ልጅ እያለች በዚህ ስለምታፍር ጓደኞቿን ቤት አታመጣም ነበር።

በመስከረም አንድ ጠዋት መጽሐፏን አንስቶ ገለጠው። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ተቀብቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዋና ዋናውን አስምሬበት ነዋ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ተራው የታለ? በየጣቢያው የሚቆም ባቡር እኮ ፈጣን ባቡር አይባልም።»

«አንተ ስለ ጨረር ምን ታውቃለህ?»

«ስለ ጨረር አላውቅም። ስለ ድንጋጤ ግን አውቃለሁ። የደነገጠ ሰው እያየ አያይም። ስለዚህ ጣትሽን አንሺ፣ ጠቁሚ፣ ባፍሽ ተናገሪ። አፍ ሲናገር ልብ ይረጋል።»

በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ የጊዜ ሰሌዳ ጻፈላት። ሃምሳ ደቂቃ ጥናት፣ አሥር ደቂቃ እረፍት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ያነበበችውን ለእሱ ታስረዳለች፤ እሱ ካልገባው እሷም አልገባትም ማለት ነው። በእረፍት ሰዓት ስታነብ ካገኛት መጽሐፉን ይነጥቃታል። «ነጂ ካላረፈ ተሳፋሪ ይጨርሳል» ይላል። መጀመሪያ ሳቀችበት፣ ቀጥሎ ተናደደችበት፣ በኋላ ውጤቷ ከፍ አለ። እህልም መብላት ጀመረች።

በኅዳር ሴይጎ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሆናሚ ይህን ያወቀችው ከጊዜ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳንባው ላይ ያየውን ነግሮት ሕክምናው በዚያው ሳምንት እንዲጀመር ለመነው። እሱ ግን «ከፈተናው በኋላ» ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ልጁን ያውቃታላ፤ ብትሰማ መጽሐፉን ወርውራ ራስጌው ትቀመጣለች፣ ዓመቱም ይቃጠላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሴይጎ ይህ ጠፍቶት አይመስለኝም። በሽታው እስከ የካቲት የሚታገሠው መስሎት ነው።

በታኅሣሥ አንድ ቀን የደረት ራጅ ማንሳት ልትለማመድ ከቁም ሣጥኑ ፊት አቆመችው።

«አገጭ ቀና። ትከሻ ወደ ፊት። አየር ሳብ... ያዝ።»

አራት ሳትቆጥር ሳል አጣደፈው።

«አባዬ ደግሞ! አንድ ትንፋሽ መያዝ ያቅትሃል? እንዳንተ ያለ በሽተኛ ከመጣብኝ እኮ ራጁ ተበላሸ።»

«ድሮም ነጂ እንጂ ተሳፋሪ መሆን አላውቅበት» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ድገሚልኝ።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። በሦስተኛው ላብ አጠመቀው። መክሳቱን ካየች ሰንብታለች፤ ሐኪም ቤት ሂድ ብላውም ነበር። «ከፈተናው በኋላ እሄዳለሁ» ሲላት ጉንፋን ነው ብላ ተወችው። ስለ ሳንባ በሽታ የዚያን ዕለት ጠዋት ብቻ ሠላሳ ገጽ አንብባ ነበር። ሰሌዳውን አየች፤ እረፍት ደርሷል፤ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

የፈተናው ዕለት ሩዝ ጠቅልሎ ቋጠረላት። ስትመለስ ጣቢያ ወጥቶ ጠበቃት።

«እንዴት ሆንሽ?»

«አንዴም አልደነገጥኩም።»

«እሰይ። በይ እንሂድ።»

«የት?»

«ሆስፒታል» አለና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁሉንም ነገራት።

አዲሱን ራጅ ከሐኪሙ ጋር ቆማ አየችው። አስረጂ አላስፈለጋትም። ሐኪሙ «በኅዳር ጀምረን ቢሆን...» ብሎ ጀመረና አንገቱን ደፋ።

ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ውሸታም ነህ» አለችው።

«አዎ።»

«ፈተናውን ለከርሞ እወስደው ነበር። አንተን ከየት ነው የማመጣው?»

ሴይጎ እጇን ፈልጎ ያዘና አለቀሰ። አባቷ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ ንዴቷ ጥሏት ሄደ፤ ኀዘኑ ብቻ ቀረ።

ማለፏን በመጋቢት ሰማ። ከሁለት መቶ ጥያቄ መቶ ሰባ አንድ አግኝታለች። «ሃያ ዘጠኙን ማን በላው?» አለ፤ ለመሳቅ ሞከረና ትንፋሽ አጠረው። በሚያዝያ ሞተ።

አስከሬኑ ተቃጥሎ ሲያበቃ ዘመዶቹ እንደ አገሩ ልማድ አጥንቱን ለቅመው እንስራ ውስጥ ሊያኖሩ በትሪው ዙሪያ ቆሙ። ከእግር ይጀመራል፣ ወደ ራስ ይወጣል፤ አንዱን አጥንት ሁለት ሰው በረዣዥም እንጨቶች አብሮ ያነሳዋል። ከሆናሚ ጋር የቆመችው የሴይጎ እህት ኪኑዌ ነበረች። ደረቱ ጋ ሲደርሱ አንድ ትንሽ ነጭ አጥንት ላይ እንጨቷን አሳረፈች።

«ይሄ የምኑ ነው፣ ልጄ?» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ተምረሽዋል።»

ሆናሚ አወቀችው። የደረት አከርካሪ ነው፤ ስንተኛው እንደሆነም መናገር ትችል ነበር፤ አባቷን ግን እንደ መጽሐፍ ልታነበው አልፈለገችም።

«አላውቅም፣ አክስቴ» አለች።

አብረው አነሱትና እንስራው ውስጥ አስገቡት። ከዚያም ቀጣዩን አነሱ።