ሩዝ ውስጥ የደበቅኩት ሲዲ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከአትላንታ ወጣ ወዳለችው ማሪዬታ ይዛኝ ስትሄድ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ከፈተች። ኮሌጅ ልትገባ ስለሆነ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር የምትከራየውን አፓርትመንት ልታሳየኝ ነው። እኔ የበሩን ቁልፍ፣ የደረጃውን መብራትና የጎረቤቱን ሁኔታ በዓይኔ ሳላይ እሺ የምል ሰው አይደለሁም። ቫዮሊኑ ተጫወተ፣ ከበሮው ተመታ፣ ዘፈኑ አለቀና ፀጥ አለ። ከፀጥታው ውስጥ እልልታ ወጣ።

«ማሚ፣ ሰማሽ? ልክ እንደ እናንተ ሠርግ!» አለች እየሳቀች። «ድሮ እዚሁ አትላንታ የተቀዳ ነው። ኦንላይን ሰው ሁሉ ይቺ ልጅ ማን ናት እያለ ይጠይቃል።»

«ዝጊው። መንገዱን እዪ» አልኳት።

ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ሐያት ናት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኔና ሐያት ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ እኔ ከደሴ፣ እሷ ከኮምቦልቻ። ዲቪ ደርሶን መጥተን አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን በመከራ ነው የጨረስኩት። እሷ በማትሪክ ውጤት ትበልጠኛለች፤ ይህንንም አትረሳውም ነበር። ሥራ ያገኘነው ዲኬተር ውስጥ፣ የአየርላንድ ዘር ያላቸው አሜሪካኖች በሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ነው። ጓዳ ሆነን ሳህንና የቢራ ብርጭቆ እናጥባለን። የአሳማ ሥጋ የነካውን ሳህን የምናጥበው ሁለት ጓንት ደርበን ነው። የተቀቀለ ጎመን ሽታ ከሻሻችን አይለቅም፤ አውቶቡስ ላይ ሰው አጠገባችን ሲቀመጥ እንሳቀቅ ነበር።

ሐያት ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ከማል ታክሲ ይነዳል፤ ዝምተኛ፣ ደህና ልጅ ነው። እናቱ ሐጂያ ዘሃራ ግን መጠጥ ቤት ባለበት መንገድ እንኳ የማያልፉ ሴት ነበሩ። ስለዚህ ሐያት የምሠራው ሆስፒታል ነው፣ አንሶላ አጥባለሁ ብላቸዋለች። ሐጂያ እውነቱን ያወቁ ዕለት ጋብቻው እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ ሲረግፍ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቦስተን የመጣ የአየርላንድ ልጆች የሙዚቃ ባንድ፣ በታዳሚ ፊት እየተጫወተ ሲዲ ሊቀዳ እኛ መጠጥ ቤት መጣ። አለቃችን የሳህን ማጠቢያውን ማሽን አጠፋና «አንድ ማንኪያ እንዳይንኳኳ» ብሎን ወጣ። ሥራ ስንፈታ የጓዳውን በር ገርበብ አድርገን እናይ ጀመር። ከባንዱ አንዱ በአንድ ጎኑ ቆዳ የተወጠረ ከበሮ ይዟል። ልክ መንዙማ ሲባል እንደሚመታው ድቤ ነው።

«ሰዓዳ፣ ወላሂ ይሄ የእኛ ነው» አለችኝ ሐያት። ትከሻዋ እየተነቃነቀ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሷም በአገራችን እንደሚደረገው ዝምታውን ሞላችው። ረጅም አድርጋ፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች።

ለካ ዘፋኙ ለሞተ ወንድሙ ያወጣው ሙሾ ኖሯል። እኛ በምን እንወቅ?

ዘፋኙ መጀመሪያ ክው አለ። ከዚያ በማይክሮፎኑ «ጓዳ ያለችው ወፍ ማን ናት? አምጡልኝ» አለ። እርጥብ ሽርጧን እንዳደረገች እየገፉ መድረክ ላይ አወጧት። ስሟን ጠየቃት። ሐያት እንዲህ ፊት ለፊት ቆሞ የጠየቃት ፈረንጅ የኤምባሲው ሰው ብቻ ስለነበር፣ ለቪዛው ያጠናችውን እንግሊዝኛ እንዳለ አወረደችው። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ፣ የተወለደችበትን ቀን፣ ኮምቦልቻን ጠራች። ሥራዬ እዚህ ቤት የቢራ ብርጭቆ ማጠብ ነው አለች። በመጨረሻም «ወንጀል ሠርቼ አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው ዛሬ አናስርሽም!» አላት ዘፋኙ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ፣ ጓንቴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ሐጂያ ቤታችን መጡ። ውሃ ቀዳሁላቸው።

«አንቺስ ልጄ፣ የት ነው የምትሠሪው?» አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት ሐያት ቀደመችኝ። «እሷማ መጠጥ ቤት ናት ሐጂያ። ምን ላድርግ፣ የቤት ኪራይ የሚጋራኝ አጥቼ ነው።»

ሐጂያ ብርጭቆውን ሳይቀምሱት ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከሄዱ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኳት።

«አንቺን የሚጠይቅሽ የለም» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። «እኔ ግን ላገባ ነው።»

ቢጫው የዛፍ ብናኝ መኪናውን ሁሉ በሸፈነበት በዚያ ጸደይ ሲዲው ወጣ። የሐያትን ንግግር ቆርጠው አላስቀሩትም፤ እንዲያውም ሰው የሚወደው እሱን ሆኗል። አለቃችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጠን። ሐያት የሷን እዚያው ለሁለት ሰብራ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው።

«የአንቺስ?» አለችኝ ማታ።

«ጣልኩት።»

ሩዙ ጆንያ ውስጥ፣ ታች ድረስ ቀብሬው ነበር። ያን ጊዜ ብጠየቅ ለማስታወሻ ነው እል ይሆናል። ለማስታወሻ አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐጂያ በትልቅ ትሪ ሳምቡሳ ይዘው፣ ከከማልና ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር የኒካሁን ቀን ሊቆርጡ መጡ። የሳምቡሳው ምስር በደንብ ተቀምሞ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እኔን ሳያዩ ሐያትን «ይቺ ልጅ ዛሬ ሥራ የላትም?» አሏት።

«አሁን ትወጣለች» አለች ሐያት።

ተነሣሁ። «ከመውጣቴ በፊት ሐጂያ፣ ድቤ ያለበት ነገር ላሰማዎት» አልኩና ከሩዙ ያወጣሁትን ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ድምፁንም በእጄ ከፍ አደረግኩት። ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ድቤው ሲመታ ሐጂያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። እልልታው መጣ። ከዚያ የሐያት ድምፅ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራ፤ ሳቁም ተከተለ።

«የሐያት ድምፅ አይደል እንዴ? ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ሐጂያ። እንግሊዝኛ አይሰሙም።

ከማል ይሰማል፤ ምንጣፉን ያያል። ሐያት የነከሰችውን ሳምቡሳ እንደያዘች ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። እንዳልናገር በዓይኗ ለመነችኝ።

«የቢራ ብርጭቆ አጥባለሁ ነው የምትለው» አልኳቸው። «ከእኔ ጋር፣ መጠጥ ቤት። ወንጀል ሠርቼ አላውቅም ትላለች ደግሞ።»

ሐጂያ ቀስ ብለው ተነሡ። ሳምቡሳውን መልሰው በጨርቁ ሸፈኑና ትሪውን ለከማል አሸከሙት። በሩ ላይ ሲደርሱ «ልጄን ለውሸታም አልሰጥም» አሉ። ከማል ዞር ብሎ አላየም።

ሐያት የወሩ ኪራይ እስኪያልቅ አብራኝ ኖረች። አልተሳደበችም። እንደ ወትሮው ሩዙን ቀቅላ ድርሻዬን ታቀርብልኝ ነበር፤ በልቻለሁም። የሄደች ቀን ቁልፉን የት ትተሽልኝ ትሄጃለሽ አልኳት።

«ሩዙ ውስጥ፣ ሲዲው በነበረበት» አለችኝ። «ሩዝ ስቀዳ ካገኘሁት ቆይቷል። አታወጪውም ብዬ መልሼ ቀብሬው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። እኔን ማንም አልቀጣኝም። እንዲያውም ሐጂያ እውነት ተናጋሪ ናት ብለው በየቤቱ አወሩልኝ፤ ከዓመት በኋላ ለእኔም ባል ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ልጆቼን ያገኘሁት በዚያ ስም ነው። ሰው ልጆቼን ስጠብቅ አይቶ ፈሪ ናት ይለኛል። የመኪና አደጋ፣ ሌባ፣ በሽታ የምፈራ ይመስለዋል። እነዚህንም እፈራለሁ።

ማሪዬታ ደርሰን ልጄ ፓርክ አደረገች። አፓርትመንቱ ንጹሕ ነው። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ መስኮቱን ሞከርኩት። አብራት የምትኖረው ልጅ ቀድማን ገብታ ኖሮ፣ ጉንጬን ስማ ውሃ ቀዳችልኝ። ወጥ ቤቱ ጥግ አንድ ጆንያ ሩዝ ቆሟል።

«ማሚ፣ አሁንም ምኑን ነው የምትፈሪው?» አለችኝ ልጄ ስንወጣ። «አየሻት አይደል? ያገራችን ልጅ ናት፣ ሶላቷን አታቋርጥም፣ በጣም ጥሩ ልጅ ናት።»

«እኔም ጥሩ ልጅ ነበርኩ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች።