ጫማ የማያልቅበት ዳገት

ክረምቱ እንደወጣ፣ ከደጃችን በላይ የነበረውን ወይራ ቆረጡት። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ። መጋዙ ሲያልፍበት የወጣው ሽታ መኝታዬ ድረስ ገባ፤ የወተት ዕቃ ሲታጠን የሚሸተው ዓይነት፣ መረር ያለ። እኔም ጋደም እንዳልኩ አያ ይመር ትዝ አሉኝ።

አያ ይመር በረባሶ ሰፊ ነበሩ። እዚያ ወይራ ሥር አጎዛ አንጥፈው፣ ያረጀ የመኪና ጎማ በጉልበታቸው ይዘው፣ በውሃ በራሰ ቢላ ሲቆርጡት ይውላሉ። የጎማው ጥቁረት ጥፍራቸው ውስጥ ገብቶ ለጁምዓ ታጥበው እንኳ አይለቅም። ያኔ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከተማችን መካነ ሰላም ትንሽ ናት፤ ከገበያው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣው ይኸው የእኛ ዳገት ብቻ ነበር። መስጊድ የሚሄደውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም በእሳቸው ፊት ያልፋል።

አንድ ቀን የጎረቤታችን እማማ ተዋበች በረባሷቸውን ጠፍሩ ተሰንጥቆባቸው አመጡ። አያ ይመር ገለበጡት። ከተሰፋ ዓመት አልፎታል፤ ሶሉ ግን ትናንት ከእጃቸው የወጣ ይመስላል።

«እማማ፣ ይህን ጫማ የት ነበር ያስቀመጡት?»

«አልጋዬ ሥር ነዋ! ዳገቱን በየት አቅሜ ልውጣው? እኩሌታው ላይ ትንፋሼ ያልቃል። መሬት ብቀመጥ ደግሞ ማን ያነሳኛል? የልጄን መቃብር ካየሁ እንኳ ስንት ጊዜዬ።»

አያ ይመር ጠፍሩን ሰፍተው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ ግን የሽማግሌ ጫማ በመጣ ቁጥር ቀድመው ሶሉን ማየት ያዙ። የብዙው ሰው አላለቀም።

እሳቸውም የሽማግሌ ድካም የት ላይ እንደሚይዝ ለማወቅ፣ አንድ ማለዳ ግማሽ ኩንታል ገብስ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ ደከመኝ ባሉበት ቦታ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖሩ። ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። እማማ ተዋበች ከታች ሆነው አዩትና፣ «ይመር፣ ያን የተከልከው ለበቅሎ ነው?» አሏቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አያ ይመርም ስቀው ሲያበቁ፣ «እንግዲያው እርስዎ ይምሩኝ» አሉ።

በነጋታው እማማ በትራቸውን ይዘው ፊት ፊት፣ አያ ይመር የጎማ ቁራጭ በጉያቸው ይዘው ኋላ ኋላ። እማማ በቆሙበት ሁሉ አያ ይመር ለምልክት አንድ ቁራጭ ይጥላሉ።

«ኧረ ተወኝ! እንደ ቀባሪ ከኋላዬ አትከተለኝ!»

«አብሽሩ እማማ፣ የምቀብረው ድንጋይ ነው።»

አራት ቦታ ቆሙ። በእነዚያ አራት ቦታዎች፣ አባቴና ሌሎች ጎረቤቶች ከወንዙ ድንጋይ በቃሬዛ እያመጡ፣ አያ ይመር ተከሉ። እንዳይወላገድ እስከ ወገቡ ቀብረው፣ አሮጊት ሳትቸገር መነሳት እንድትችል ቁመቱን በእማማ ጉልበት ለክተው።

ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ሰው በሰው ሆነ። በየድንጋዩ ላይ «ደህና አደሩ» ይባላል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። በዓመቱ እማማ በረባሷቸውን ይዘው መጡ፤ ተረከዙ ተበልቶ መሬት ያሳያል። አያ ይመር ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ ጥርሳቸው በሙሉ ታየ።

«አለቀ! አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ!»

«አሁን የሰው ጫማ ሲያልቅ ይሳቃል?» አሉ እማማ፤ እሳቸውም እየሳቁ።

ዛሬ ከአራቱ አንዱም የለም። አንዱን ቦይ ሲቆፍሩ አወጡት፣ ሌላው ጠጠር ተደፍቶበታል፣ የቀሩትን አላውቅም። ባጃጅ ከታች ያለው ሜዳ ላይ ይርመሰመሳል፤ ዳገቱ ተቆፋፍሯልና አይወጣም። እኔ ስኳር አለብኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ፣ «አባባ፣ በእግርዎ ይሂዱ» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። እህቴ ሰዓዳ ከዳገቱ ጫፍ አልጋ ላይ ከዋለች ከረመች፤ ጁምዓ ጁምዓ በባጃጅ ሄጄ እጠይቃት ነበር፣ ካየኋት ግን ሦስት ወር ሆነኝ። ስልክ ደውላ፣ «ሞተሃል ወይስ ልጠብቅህ?» አለችኝ። ያን የወይራ ሽታ ያሸተትኩ ቀን ጫማዬን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ገለበጥኩት። ሶሉ አዲስ ነው።

በማግሥቱ ወጣሁ። እኩሌታው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ ፊት ስደርስ ደከመኝ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ባለሱቋ ወጣት ሴት ናት፣ ከሌላ አገር የመጣች፣ አታውቀኝም። አየችኝና ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ አመጣች።

«ይቀመጡ አባባ። ሰው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ነው የሚቆመው፣ ምን እንዳለበት እንጃ።»

ተቀመጥኩ። ከወይራው ጉቶ እስከዚያ ያለውን በዓይኔ ለካሁት። ሁለተኛው ድንጋይ የነበረው እዚያው ነው።

ሰዓዳ ስገባ አይታኝ፣ «ከሲታ ሆነሃል» አለችኝ። እጄን ግን እስክነሳ አልለቀቀችም።

በቀጣዩ ጁምዓ ሣጥኑ ሳልጠይቅ ደጅ ወጥቷል። አንዲት የማላውቃቸው እናት ተቀምጠውበታል፤ እስኪነሱ አጥሩን ተደግፌ ጠበቅሁ።

ትናንት ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ገልብጬ አየሁት። የቀኙ ተረከዝ፣ በውጭው በኩል፣ ትንሽ ተበልቷል።