ቁልፍ ያለው የስፒከር ሳጥን

የጊታሬን ስፒከሮች ቤት አልባ ያደረገቻቸው የሚስቴ ዶሮ ናት። አጋነነ እንዳትሉኝ እንጂ ዶሮዋ ስትቆም ጥጃ ታክላለች፤ ከደብረ ማርቆስ ስታስካካ ደምበጫ ድረስ ትሰማለች። አሮጌው የስፒከር ሳጥኔ ጀርባው ክፍት ስለነበር በዚያ በኩል ገብታ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ኋላ ጭድ ጎዝጉዛ ክረምቱን እዚያው ከረመች። የጣለችውና ያራሰችው ተደማምሮ እንጨቱን አበሰበሰው። አንድ ቀን ላነሳው ስል ሳጥኑ ወደ ላይ መጣ፣ ወለሉ ግን አልሄድም ብሎ መሬት ላይ ቀረ። ስፒከሮቹ ተረፉ። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ማጉያ ለብቻው ስለሚቀመጥ እሱም ተረፈ። ዶሮዋም ተረፈች፤ ሚስቴ መሃል ገብታ ነበርና።

ይህ የሆነው የወንድሜ ልጅ ልትዳር ጥቂት ሲቀራት ነው። ይቺ ልጅ ሕፃን ሳለች በእኔ ጊታር ነው እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው። የሠርጓ ቀን እንደተቆረጠ መጥታ «አጎቴ፣ ወደ ዳሱ ስወጣ ጊታርህን ካልሰማሁ አልወጣም፤ ሙሽራው ከፈለገ ገብቶ ይጎትተኝ» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን ዲጄ ቀጥሮ ጨርሷል።

«ጋሼ፣ እሷ ስትወጣ ብቻ አንዲት ዜማ ልጫወት» ብዬ ለመንኩት።

«ያንተ ጊታር ጉድጓድ የገባ ውሻ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ እኔ እሰማዋለሁ። ከጣመኝ ትጫወታለህ፤ ካልጣመኝ እንደ ማንኛውም ዘመድ ቁጭ ብለህ ትበላለህ።»

እንግዲህ ለስፒከሮቹ የሚስማማ ሳጥን መምረጥ ነበረብኝ። ነገሩ ለማያውቅ ቀላል ነው። ስፒከር ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከጀርባውም ይጮኻል። ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ድፍኑ ደግሞ አፍኖ ወደፊት ይገፋዋል። የእኔዎቹ ስፒከሮች ዕድሜያቸውን ሁሉ ክፍት ሳጥን ውስጥ የኖሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ አየር የለመዱ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ድፍን መረጥኩ። አንደኛ፣ ዶሮዋ አለች። ሁለተኛ፣ የዲጄው ስፒከሮች ድፍን ናቸው፣ ሲጮኹ ደግሞ የሰው ጥርስ ያራግፋሉ።

ገበያው አጠገብ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። «ከወፍራም ዋንዛ ይሁን። ጀርባው ድፍን ይሁን፤ ዶሮ ቀርቶ ትንኝ እንዳይገባበት» አልኩት። አናጢው ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። በቀጠሮው ስሄድ ሳጥኑ በቫርኒሽ አብረቅርቆ ፀሐይ መስሏል። ፊቱ ላይ አበባ ያለበት የመጋረጃ ጨርቅ ተወጥሯል። ጀርባው ላይ ደግሞ ማጠፊያ ያለው በር፣ በበሩ ላይ ቢጫ ቁልፍ።

«ድፍን አላልኩህም?»

«ሲቆለፍ ድፍን ነው፣ ጌታው።»

«በር ለምን አስፈለገው?»

«በር የሌለው ሳጥን ሠርቼ አላውቅም። ነገ ልብስ ቢያስቀምጡበትስ?»

ክርክሩን ትቼ ሳጥኑን በጋሪ አስጫንኩ። ፈረሱ ዳገቱ ላይ ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ወንድሜ ሊሰማ መጣ። ስፒከሮቹን ገጥሜ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አስሬ፣ ጊታሩን መታሁት። ጋቢ ተከናንቦ የሚያስነጥስ ሽማግሌ ሆኖ ወጣ። አብራኝ የነበረችው የወንድሜ ልጅ «አጎቴ፣ በሩን ከፍተህ ሞክረው» ብትለኝ «አንቺ ስለ ሠርግሽ አስቢ!» ብዬ ተቆጣኋት። ወንድሜ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገና «ሳጥኑ ግን እንዴት ያምራል!» አለ። «እሱን አምጣልኝ፤ ዳሱ ፊት ለፊት ለጌጥ ይቀመጥ። አንተ ግን እንዳትነካው።» ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

የሠርጉ ቀን ሳጥኔ ከዳሱ ፊት ተቀመጠ። ወንድሜ ቁልፍ ያለበትን ጎን ፊቱ ነው ብሎ ወደ ሕዝቡ አዙሮታል። እኔም ምናልባት ብዬ ገመዱን ቀጥዬ፣ ማጉያውንና ጊታሬን ወንበሬ ስር ሸሽጌ፣ እንደ ማንኛውም ዘመድ ቁጭ ብዬ በላሁ። ሙሽራዋ ገና ከቤት አልወጣችም። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና ጥሎሹን ያሳዩ ጀመር፤ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ጥላውን አንድ በአንድ እያነሡ። የእኛ ሴቶች ደግሞ እንደ ወጉ ማጣጣሉን ያዙት።

«ይኸው ነው? ለአሻንጉሊት ነው ያመጣችሁት?»

«ጥላውስ ለወፍ ነው?»

ሽማግሌው ላብ አላባቸው። ዙሪያቸውን ሲያዩ ዓይናቸው የሚያብረቀርቀው ሳጥን ላይ አረፈ። ሚዜዎቹ ያመጡት መስሏቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። «ያ ሳጥንስ የማን መሰላችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ አገር አለ?»

ልነሣ ስል ወንድሜ ኮቴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ተቀመጥ! አማቾቼን ልታዋርድብኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ሳጥኔ እኮ ነው!»

«የትናንት ሳጥንህ ነው።»

«ይከፈት!» አሉ ሴቶቹ። ሽማግሌው ኪሳቸውን ሁሉ በረበሩ። ወንድሜ በክርኑ ሲጎስመኝ ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ወስጄ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ቅንጣት ሳይደነግጡ «ጎበዝ፣ በደንብ ጠብቀህልኛል» ብለው መርቀው ተቀበሉኝ።

በሩ ተከፈተ። የሁለት ስፒከሮች ጀርባ፣ ክብ ክብ ብረትና ሽቦ ብቻ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አንዷ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምድጃ ነው። የኤሌክትሪክ። ባለ ሁለት። እኛ ዘንድ ሙሽራ በጭስ አትጨናበስም!»

እልልታው ዳሱን ሊያነሣው ደረሰ። ያቺው ሴት ግን የምትለቅ አይደለችም። «እስቲ ለኩሱትና እንየው!»

ሽማግሌው ወደ ወንድሜ አዩ። ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲያ ባለ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። «በል እንጂ» አለኝ በለሆሳስ፤ «ለኩሰው።»

ማጉያውን አበራሁና ጊታሬን አንሥቼ መታሁት። ሽማግሌው ጥላውን ይዘው ወደኋላ ዘለሉ። ድምፁ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ ዳሱን ሞልቶ፣ ከጣሪያው ተላትሞ ተመለሰ። ጥርት ያለ፣ ሰፊ፣ አየር ያገኘ ድምፅ ነበር። ለካ ስፒከሮቼ ሲለምኑኝ የከረሙት ይህንኑ ነው። ዲጄው ራሱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ቆመ።

«ብያለሁ እኮ!» ሲሉ ሰማኋቸው ሽማግሌውን፤ «ኃይለኛ ምድጃ ነው!»

የቤቱ በር ተከፈተና የወንድሜ ልጅ ወጣች፤ ማንም ሳይጎትታት፣ እየሳቀች፣ በትከሻዋ ምቱን እየያዘች። አንዲት ዜማ የተባለው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዘለቀ። ወንድሜም ሲጨፍር አንድ የዳስ ምሰሶ ሰብሯል፤ እሱ ግን ነፋስ ነው ይላል።

ከዚያ መለያየቱ መጣ። በሽማግሌ ፊት ጥሎሽ ነው የተባለ ዕቃ መልሱ አይባልም። ሳጥኔ ከነስፒከሮቼ ከሙሽራዋ ሻንጣ ጋር ተጭኖ ወደ ሙሽራው አገር ደምበጫ ወረደ። እኔም ቆሜ በእጄ ሸኘሁት። ሚስቴ ደግሞ ሙሽራዋ ባዶ እጇን አትሂድ ብላ የዚያችን ዶሮ ጫጩት ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ የምጫወትበት ሠርግ ባገኘሁ ቁጥር ለወንድሜ ልጅ እደውልና ሳጥኔን ልዋስ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ባለፈው ስሄድ ሳጥኑ ሳሎኗ ውስጥ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆሟል።

«ድምፁ እንዳይታፈን ብዬ ነው» አለችኝ።

ላነሳው ጎንበስ ስል ከስፒከሮቹ ኋላ ሁለት ዓይኖች አፈጠጡብኝ። ቁርጥ እናቷን።

«ውይ አጎቴ፣ እንዳትነካት፣ ታቅፋለች! ባለ ሠርጎቹን እስክትፈለፍል ታገሡን በላቸው።»