እስፒል ያልተሰካበት አገር

ሰውዬው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ትንኝ የነደፈውን ክንዱን እያከከ ነው የሚሠራው። ግድግዳውን በሞላው ካርታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ተናካሽ ትንኝ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ባለቀለም እስፒል ይሰካል። ቢሮውን የምታጸዳው ሴትዮ፣ ትንኝ ፍለጋ አገር ያካለለ ሰው እሱን ብቻ ነው የምታውቀው። ዛሬ ካርታው ላይ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ በመወልወያዋ እንጨት እያመለከተች፣

«ጋሼ፣ እዚህ የሚናከስ የለም ማለት ነው? ታድለው!» አለችው።

«ኧረ ሞልቷል! ወጥመድ ይዞ የሄደ ሰው ስለሌለ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ አይሄዱም?»

የተጠቀለለ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«የእናቴ አገር ነው። ‹ትንኝ እንደሆነ እኛም ጋ አለልህ፤ በሱ አሳበህ እንኳ ና› ትለኝ ነበር። ዘንድሮ፣ ከርሞ ስል ቀበሯት።»

በጣቶቹ መሃል የቀረችውን እስፒል ወደ ሣጥኗ መለሳት።