የአቶም ዱካ በጨፋ ሮቢት

ጠዋት፣ ደሴ

ወንድሜ ሰይድ ከአውሮፓ የላከውን ፎቶግራፍ በሻሽ ጠቅልዬ ከደሴ የተነሣሁት ከሚሴ ያለውን አባታችንን ከእሱ ጋር ለማስታረቅ ነው። ሰይድ የሚማረው አቶም በሚሰባብሩበት ቦታ ነው። አባባ ደግሞ በጎረቤቱ ሬዲዮ አቶም ከተማ ማቃጠሉን ከሰማ ወዲህ የልጁን ስም በዱአ አንሥቶ አያውቅም። ዓመት ሆነው። ሰይድም «አባባ ዱአ ካላደረገልኝ ትምህርቴን ትቼ አገሬ እገባለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም አቶም መሰባበሪያውን ማሽን አላምነውም። ሰው ለማወቅ ብቻ ብሎ ያን ሁሉ ብረት ያቆማል?

አውቶቡሱ ሁለት ብር አስከፈለኝ። ኮምቦልቻን አልፈን ሐርቡ እስክንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ኮት ዓይኑን ከጥቅሉ ላይ አልነቀለም።

«ምንድን ነው እሱ፣ እህቴ?»

«የሰርግ ፎቶ» አልኩት። ምን አገባው! ሐርቡ ላይ የተቀቀለ በቆሎ ገዝቶ ግማሹን ሲሰጠኝም አልበላሁለትም። ኋላ ረሃቡ ሲጠናብኝ ግን ቆጨኝ።

ከቀትር በኋላ፣ ከሚሴ

አባባን ከመስጊድ ሲመለስ በር ላይ አገኘሁት። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ፎቶግራፉን ዘረጋሁለት። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ነጫጭ መስመሮች አሉ፣ ቀጥ ያሉም የተጠማዘዙም። ሰይድ የጻፈውን በቃሌ ነገርኩት።

«የአቶምን ደቃቅ ክፍሎች አስሩጠው ከቆመ ነገር ጋር ያላትሟቸዋል። ሲያልፉ የተዉትን መስመር ፎቶ ያነሡታል። አሁን ደግሞ ሁለቱን ከሁለት ወገን አስሩጦ ፊት ለፊት የሚያጋጭ ማሽን ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ከዚህ በፊት አልነበረም ይላል።»

«ፊት ለፊት? እንደ ኮርማ?»

«አዎ።»

«ከዚያ የሚወጣው እሳትስ ለማን ነው?»

አባባ ፎቶውን መልሶ ጠቀለለና «ነገ ጨፋ ሮቢት እንወርዳለን። አባ ቦሩ ይየው» አለ። አባ ቦሩ የተሰረቀ ከብት ዱካ ተከትለው የሚያገኙ ሽማግሌ ናቸው። ወይ ጉድ! ስንት የተማረ ሰው የደከመበትን ነገር ለከብት ፈላጊ?

በማግስቱ፣ ጨፋ ሮቢት

በጭነት መኪና፣ ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ወረድን። አቧራው አይጣል ነው። የከብት ገበያው ዳር አባ ቦሩን አገኘናቸው።

«አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባባ። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ተይ ልጄ። ዱካ ሲታይ ባለጉዳይ አይናገርም። ከተናገረ የማየው እሱ የፈለገውን ነው።»

ጠረጠርኩ። አባባ ቀድሞ ሰው ልኮ የሚሉትን ነግሯቸው ይሆን? የሰይድን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ አጥብቄ ያዝኩት፤ አባባም ቢሆን በውስጡ ያለውን ሁሉ አልሰማም።

ፎቶውን መሬት ላይ አኖሩት፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ቁጢጥ አሉ።

«ይኼ ሲበር የሄደ ነው። ይኼ ደግሞ እየደከመ ሄዷል፣ እየተጠመዘዘ እዚህ ቆመ።» ጣታቸው ሌላ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። «እዚህ ሁለት ወጥተዋል። ወደዚህ የገባ ግን የለም።»

«ታዲያ ከየት መጡ?» አለ አባባ።

ባዶውን ጥቁር ቦታ አሳዩት። «በዚህ በኩል አንድ ነገር መጥቷል። መምጣቱን መጥቷል፣ ዱካ የለውም እንጂ።»

ደብዳቤውን አወጣሁና ለማንም ያላነበብኩትን መስመር አነበብኩ፦ «ባዶ በሚመስለው ቦታ ያለፈውን ማንም አላየውም። መኖሩን ያወቅነው ከእሱ በወጡት ሁለቱ ነው።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለ አባባ። ቀጥሎም «ሰው ሊያቃጥሉበት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«እሱን ዱካው አይናገርም» አሉ አባ ቦሩ። «ልጅህ ግን ያየውን ነው የጻፈው። አልዋሸም።»

አባባ እዚያው ከብት መሃል ቆሞ እጁን ዘረጋ። «ያ ረቢ፣ ሰይድን ጠብቅልኝ። ያገኘውን ነገር ከገዳይ እጅ አታግባው።» እኔም አሜን ስል እንባዬ ቀደመኝ።

ደሴ፣ ቤቴ

ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የአባባን ዱአ ቃል በቃል ለሰይድ ጻፍኩለት። ይህ ጉዞ ወንድሜን እንዳምነው አስተምሮኛል። ጥርጣሬዬን ግን አላስተወኝም፤ የአባባም ዱአ ቢሆን የተጠራጣሪ ሰው ዱአ ነው። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ከሥር ጨመርኩበት፦

«ትምህርትህን እንዳትተው። ግን ንገረኝ፣ ከእናንተ በኋላ ይህን ፎቶግራፍ የሚያየው ማን ነው?»