የሥራ ልምድ፦ የለም

እስቲ ይቺን ሴት ተመልከቷት። አዲሱ ገበያ፣ የታክሲ ሰልፍ መሀል ቆማለች። አንድ ጆሮዋ ውስጥ ኢርፎን ሰክታለች፤ ሌላኛው ረዳቱ የሚጠራውን ይጠብቃል። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ዳዊት እየደገመች መስሏቸው በአክብሮት ፈንጠር ብለውላታል። ዳዊት አይደለም። «ቢ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል» እያለች ነው።

ስሟ ውባለም ነው፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከገበያው ገባ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ቤትና ጠባብ በረንዳ ላይ ለአሥራ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች። እናቶች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሮጡ ሕፃን፣ ጡጦና ቅያሪ ልብስ ደጇ ላይ ያስረክቧታል፤ ማታ የታጠበ፣ የበላ፣ ሳቂታ ልጅ ይረከባሉ። ሰፈሩ ለዚህ ሁሉ ስም አላወጣለትም። «ውቤ ጋ አስቀምጪው» ነው የሚባለው፣ ልክ እንደ ጃንጥላ። ጎማ የሚጠግን ሰው ጎሚስታ ተብሎ ስሙ በቀይ ቀለም አጥር ላይ ይጻፍለታል። ሰውን ከጡጦ አስጥሎ ትምህርት ቤት በር ድረስ የሚያደርስ ሰው ግን ምን ይባላል? ምንም። ይህ አያናድድም ካላችሁ፣ ምን እንደሚያናድዳችሁ ማወቅ ያስቸግራል።

ባሏ በዳሳ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ያፈላል። ያደገው በሱሉልታ በኩል ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፣ ሦስተኛው ቋንቋዬ የዛፍ ነው እያለ ይቀልዳል። ከዛፎቹ ሥር በላቲን የተጻፈውን ስም ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ወሬውን ያመጣላትም እሱ ነው። ከዊንጌት ወረድ ብሎ አዲስ የሕፃናት ማቆያ ተከፍቷል፣ ሞግዚት ይፈልጋሉ አላት። አብዛኞቹ ልጆች የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ወላጆቹ ልጁን ዛሬ ማን እንደሚወስደው፣ ምን ምግብ እንደማይስማማው በስልክ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ስለዚህ አመልካቹ ሁሉ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ይቀመጣል።

ውባለም ሄዳ ቅጽ ሞላች። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ አሥረኛ ክፍል። ከዚያ «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር መጣ። እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየችና «የለም» ብላ ጻፈች። ቅጹን የተቀበለቻት ሰምሀል የምትባል ወጣት የቢሮ ሠራተኛ አየችውና ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ብላ ሸኘቻት።

ይህን ሥራ ለምን እንደፈለገችው አትጠይቁ። እሷ የያዘቻቸው ልጆች አድገው አልቀዋል፣ በረንዳው ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። ጡረታ የሚባል ነገር እንዲኖራት ትፈልጋለች። ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት ከቤት ወጥታ ለጎረቤት «ሥራ እየሄድኩ ነው» ማለት ያምራታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር በሕይወቷ አንድም ቀን ተናግራት አታውቅም።

ልምምዱ እንዲህ ሆነ። በዳሳ ዊንጌት አካባቢ ካለ የስልክ ሱቅ የፈተና መለማመጃ የድምፅ ቅጂዎች አስጫነላት። ከቅጂዎቹ መሀል አንዱ ለእሷ የተሠራ ይመስል ነበር፤ አንዲት ሴት የሞግዚትነት ሥራ ፈልጋ ስልክ ትደውላለች፣ ወንዱ ይጠይቃታል፣ አዳማጩ ክፍት ቦታዎቹን ይሞላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሴትየዋ ስም ነው። ሴትየዋ ፊደል በፊደል ትናገራለች።

ውባለም እርሳሷን ይዛ ጎንበስ አለች። ቅጂው አለቀ። በዳሳ ወረቀቱን አንስቶ አየና ፊቱን ዞር አደረገ፣ እንዳትቀየመው።

«ምን ያስቅሃል?»

«ቢ፣ ኤል፣ አይ፣ ዋይ። ብልይ ነው የሚለው፣ ውቤ። ሴትየዋ ብሉይ ኪዳን ናት እንዴ?»

እሷ ግን በሴትየዋ ተናዳለች። ምን ዓይነት ሰው ናት አለች፤ ስሟን እንኳ አታውቅም፣ ቢ ብላ፣ ኤ ብላ፣ ወዲያው «አይ» አለች፤ ስለዚህ ተሳስታ ነው ብዬ የጻፍኩትን አጠፋሁት። ደግሞ መጨረሻ ላይ «ዋይ» ትላለች፣ ማን ሞቶባት ነው?

በዳሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አይ» ማለት እምቢ አይደለም፣ ፊደል ነው፤ ያቺ ቀጥ ያለችው አላት። ስሟ ቤይሊ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። እኛ ኤ ስንሰማ እጃችን E ለመጻፍ ይሮጣል፤ ኢ ስንሰማ ደግሞ I። ለአንድ ስም ሦስት ወጥመድ ማለት ነው።

በዳሳ ሊያስተምራት ሞከረ፤ በሚያውቀው መጣ፣ በዛፍ። ኢ ማለት ኤሪካ፣ ያቺ አስታ የምንላት አላት። ውባለም እጇን አነሳች። ኢ ብለህ ኤሪካ ካልከኝ አንተ ራስህ ሌላ ወጥመድ ነህ፣ በቃ፣ ወደ ችግኝህ ሂድ አለችው። ሄደ።

በማግሥቱ በረንዳው ላይ ካሉት ልጆች አንዱን፣ የአራት ዓመቱን ቦናን፣ ጸጉሩን እያበጠረችው ነበር። ልጁ አላበጥርም ብሎ ጥርሱን ገጥሞ «ኢ…» ይላል። ውባለም ሚዶውን አየችው። ጥርሱን አየችው። ሚዶም ጥርስ አለው፣ ኢ ሲባልም ጥርስ ይታያል፤ ያቺ ሦስት ጥርስ ያላት የፈረንጅ ፊደል ሚዶዋ ናት። ከዚያ ወዲያ ሌላው ቀላል ሆነ። «አይ» የሚል ሰው ዱላ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ቀጥ ያለችው ዱላው ናት። የቀረችው ኤ ጎጆዋ ናት፣ ሁለት እንጨት ተደግፎ መሀሏ የታሰረ። «ዋይ» የሚለው ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ አልቃሽ ነው፤ ፊደሏን እዩዋት፣ እጆቿ ወደ ላይ ናቸው። ማታ በዳሳ ሲመጣ ጎጆ፣ ዱላ፣ ሚዶ፣ አልቃሽ እያለች ስሙን ከነነፍሱ ጻፈችለት። ቦናም አብሮ ይላል። ይህን ያደረገች ሴት ናት እንግዲህ የሥራ ልምድ የሌላት።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ያንኑ ቅጂ ለስንተኛ ጊዜ ከፈቱት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጆሮዋ ሁሉ ፊደል ላይ ስለነበር ስድስተኛውን ጥያቄ በደንብ አላዳመጠችውም። ወንዱ ልምድ አለሽ ወይ ይላል። ሴትየዋ አዎ፣ ሦስት ዓመት፣ የእህቴን ሁለት ልጆች ጠብቄያለሁ ትላለች። ወንዱ በጣም ጥሩ ብሎ ያልፋል።

ውባለም ስልኩን አቆመችው።

«የእህቷን ልጆች?»

«እንደዚያ ነው ያለችው» አለ በዳሳ።

«ቤቷ ቁጭ ብላ?»

«ቤቷ ቁጭ ብላ።»

ደግማ ከፈተችው። ያው ነው። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ኖህ፣ ሮሐ፣ ቶይባ፣ ሚልካ፣ መንቶቹ፣ ያ ጆሮው የሚመግለው ልጅ፣ ያቺ ያለ ዘፈን የማትበላዋ። ጣቷ አለቀ፣ እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረች። ሃያ ሦስት ልጅ። «እኔ እኮ የለም ብዬ ጻፍኩ፣ በዳሳ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ለቅሶ አይደለም፣ እልህ ነው።

ማን አስተማራት የለም ብላ እንድትጽፍ? አንድ ሰው አይደለም፣ ሁላችንም ነን። ልጅ ከማቆየት ውጪ ምን ትሠሪያለሽ ብለን የምንጠይቅ ሁላችን።

የፈተናው ቀን ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ አብዛኞቹ የእሷ ልጅ ሊሆኑ የሚችሉ። ቅጂው ላይ አንዲት እናት ደውላ ልጇን አክስቱ እንደምትወስደው ትናገራለች፤ የአክስቲቱን ስም ፊደል በፊደል ትዘረዝራለች። አር፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ። ከፊቷ ያለችው ወጣት «አይ» ሲባል ላጲሷን አንስታ የጻፈችውን ስታጠፋ ውባለም አየቻት። ልቧ አዘነላት፤ እጇ ግን ጎጆውን ሠራ፣ ዱላውን አቆመ፣ ሚዶውን ጨመረ። ከአሥር ስምንት አገኘች።

ይህ ግን አልበቃም። አራት ሴቶች አልፈዋል፣ ቦታው ሁለት ነው። ሰምሀል ውባለምን ጠርታ ልምድ ያላቸው እንደሚቀድሙ ነገረቻት። ውባለም ቅጹ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ልምድ አለኝ አለች። ሰምሀል ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እንግዲያው ደብዳቤ ያምጡ እትዬ፣ ማህተም ያለው፣ እስከ ዓርብ አለቻት።

ውባለም መጀመሪያ የሄደችው የዓለምወርቅ ጋ ነው። የዓለምወርቅ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ናት፤ ልጇን ኖህን ውባለም ከሦስት ወሩ ጀምሮ አምስት ዓመት ይዛላታለች። ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ለስላሳ መጠጥ ታዘዘላት፣ የኖህ ፎቶ ከስልክ ላይ ታየ። ጉዳዩን ስትሰማ ግን የዓለምወርቅ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። የመሥሪያ ቤቱ ማህተም ለግል ጉዳይ አይሆንም አለች፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይፈርድባትም። ውባለም እሺ፣ በራስሽ ስም ጻፊልኝና ፈርሚበት፣ እሱም ይሞከራል አለቻት።

«ኧረ ውባለምዬ! አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ። ለቤተሰብ እንዴት የሥራ ልምድ ይጻፋል?»

ቤተሰብ! ስንት ሴት በዚች ቃል ታስራ አርጅታለች። ቤተሰብ ከሆነች የኖህ ልደት ላይ ለምን ወጥ ቤት ቆመች? ቤተሰብ ከሆነች ለምን ደመወዝ ሲዘገይ ብቻ ቤተሰብ ሆነች? ውባለም ይህን አላለችም፤ እሷ አትልም። መጠጧን ጨርሳ፣ አመስግና፣ ደረጃውን ወረደች። እሷ ያላለችውን ይህን የጻፈላት ሰው ይበለው።

ሐሙስ ከሰዓት ጀዊሪያ ጋ ሄደች። ጀዊሪያ በርበሬና እህል ወፍጮ አላት፤ ሴት ልጇ ቶይባ ውባለም በረንዳ ላይ ነው መራመድ የጀመረችው። ጉዳዩን ሳትጨርስ ጀዊሪያ እጇን በሻሿ ጠርጋ ወረቀት ፈለገች። ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ወፍጮው ይጠብቀኛል አለች። እንዲህም ጻፈች፦ «ወይዘሮ ውባለም ልጄን ቶይባን ከስምንት ወሯ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ይዛልኛለች። አንድ ቀን አላስለቀሰቻትም። እሷ ባትኖር ይህ ወፍጮ አይኖርም ነበር።» ፈረመች። ከዚያ ከመሳቢያዋ ክቡን ማህተም አወጣች።

«የወፍጮ ቤት ማህተም ነው እኮ፣ ጀዊሪያ» አለች ውባለም።

«ታዲያስ? ማህተም አሉሽ እንጂ የምን ማህተም አላሉሽም። ወላሂ ይዘሽ ሂጂ።»

ዓርብ ጠዋት ሰምሀል ፖስታውን ስትከፍተው ሦስት ጊዜ አነጠሳት፤ የበርበሬው ብናኝ አብሮ ገብቷል። ዓይኗን እየጠረገች አነበበች። ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሠሩት አለቻት። ልጅ ነው የያዝኩት፣ ባለ ወፍጮዋ እናትየዋ ናት አለች ውባለም። ሰምሀል ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር እንደገና አነበበች። ከዚያ የድሮውን ቅጽ አውጥታ «የለም» የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰርዛ እስክሪብቶውን ለውባለም አቀበለቻት። ውባለም «አሥራ ስድስት ዓመት» ብላ ጻፈች። የጻፈችው በቁጥር ሳይሆን በፊደል ነው፤ ቦታው ሞልቶ እስከ ጠርዙ ደረሰ።

ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ የእሷ ሆነ። አሁን ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች፤ ደረቷ ላይ መታወቂያ አለ፤ ስልክ ሲጮህ አንስታ የአክስት፣ የአጎት ስም ፊደል በፊደል ትጽፋለች፤ እስካሁን አንድም ልጅ ለማይመለከተው ሰው አልሰጠችም። ደስ ብሏታል።

ደስታዋ ግን በአንድ የበርበሬ ወፍጮ ማህተም ላይ የቆመ ነው፤ ጀዊሪያ ያን ቀን ባትገኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁን የያዘችላችሁ ሴት ካለች፣ ዛሬ ወረቀት አውጡ። ስሟን ከነአባቷ ጻፉ፤ ካላወቃችሁት ሄዳችሁ ጠይቋት። ከመቼ እስከ መቼ እንደያዘችላችሁ ጻፉ። ከዚያ ፈርሙበትና እጇ ላይ አስቀምጡላት።