መቃብሩን ያነበበው ትሬቢዮስ

ከከተማችን የኑቄርያ በር ውጭ፣ መቃብሮቹ በተደረደሩበት መንገድ ዳር የሽምብራ ሾርባ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሙታኑ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አያስቸግሩም፣ ሾርባው ቀጠነም አይሉኝ። ከመካከላቸው አንዱ ግን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በእግሩ መጣ።

ትሬቢዮስ ይባላል። የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ከፍታ ላይ ሲወጣ ግን ጉልበቱ የሚከዳው ሰው። መርከቡ ሲሲሊ አጠገብ ሰጠመ፣ የተረፈ የለም ተባለ። ሚስቱ ኦፒያ አልቅሳ አልቅሳ ሬሳ የሌለው መቃብር አቆመችለት። በእኛ ዘንድ ድንጋይ ላይ ከሟች ስም ፊት ክብ ምልክት ይቀረጻል፤ በሕይወት ካለ ሰው ስም ፊት ደግሞ እንደ ባላ የተከፈለ ፊደል። ለትሬቢዮስ ክቡ ተቀረጸለት።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ከስቶ፣ ጢሙን አንዠርግጎ፣ የገዛ መቃብሩን ሲያነብ ያገኘሁት። ጭልፋዬ ከእጄ ወደቀ።

«እትዬ ማጊያ፣ ሰው ነኝ። ሾርባ ስጪኝ» አለ።

«ሙት ሾርባ አይጠጣም። ና እስኪ ልዳስስህ።»

ዳሰስኩት። አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ ግን ሙቀት አለው። ከባሕር ከወጣ በኋላ በሰው አገር ታሞ ተኝቶ እንደ ነበር ነገረኝ። ሾርባውን ጨርሶም ወደ ከተማው በር አልተነሳም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ኦፒያ አግብታ ይሆናል። ካገባች ሞቼ ብቀር ይሻለኝ ነበር።»

«ከጎንህ ማን እንደ ተጻፈ አላነበብክም?»

በራሱ ስም ደንግጦ ከዚያ አላለፈም ነበር። ቀጥሎ የኦፒያ ስም አለ፤ ባላው ፊደል ከፊቱ። ከአጠገቡ የምትተኛበትን ቦታ አስቀድማ ይዛለች። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም ደስ ብሎኝ አብሬው አለቀስኩ።

ጣጣው የመጣው ቤቱ ስንደርስ ነው። በልማዳችን ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው በቤቱ በር አይገባም፤ በጣራ ነው የሚወርደው። ኦፒያ ድምፁን ስትሰማ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

«በበሩ እንዳትሞክር፤ ሞትን አስከትለህ ትገባብኛለህ» አለች።

«ኦፒያዬ፣ ጣራ እኮ አልችልም።»

«ከባሕር የወጣ ሰው ጣራ ያቅተዋል?»

«ባሕሩንስ መች ወድጄ ገባሁት።»

መሰላል አመጣን። ጎረቤቱ ከታች ይገፋዋል፣ ይሳለቅበታልም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በሆዱ እየተሳበ በጣራው መሐል ዝናብ ወደ ቤቱ የሚወርድበት ክፍት ቦታ ደረሰ፤ ከዚያ ቁልቁል ከሥሩ ባለው የዝናብ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሰማን። ቀጥሎ የኦፒያ ሳቅ መጣ። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም፤ ሁላችንም እፎይ አልን።

በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢው ክቡን ሊፍቅ መሮውን ይዞ መጣ። ትሬቢዮስ እጁን ያዘው።

«ተወው። ሞት በዚህ ሲያልፍ ያንብበው፤ ይኼንንስ ወስጄዋለሁ ብሎ ይለፈኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። ኦፒያ አልሳቀችም። ድንጋዩ ፊት ቆማ የራሷን ስም በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያ ወደ ጠራቢው ዞረች።

«እንግዲያው ለእኔም ክቡን ቅረጽልኝ» አለችው፤ «እሱን አልፎ እኔን እንዳይወስድ።»